ቆቦ ወርዶ የሰረጎደው ጀሪካን

ላሊበላ ላይ ብስኩት የገዛ እንግዳ መጀመሪያ ይደሰታል፣ ቀጥሎ ይሳደባል። ከቆላ ተጭኖ የመጣው ብስኩት ጋሸናን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ላስቲኩ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል። ገዢው "እዚህ አገር ሞልተው ነው ለካ የሚሸጡት" ብሎ ሲከፍተው "ጵስስ" ይላል፤ ከውስጥ ያው የሚያውቃቸው ብስኩቶች ይወጣሉ። ከዚያ ባለሱቁን ሌባ ይለዋል። ባለሱቁ በተራው የአዲስ አበባን ነጋዴ ሌባ ይላል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና በመካከላቸው ገብቼ ማስረዳት እወዳለሁ። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ውስጥ የታሰረው አየር ቦታ ያገኝና ይሰፋል። ቢሞቅም ይሰፋል፣ ቢቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እንዲህ ብዬ ስጨርስ ገዢውም ባለሱቁም ጠባቸውን ትተው እኔን ያዩኛል። አንድም ሰው "ገባኝ" ብሎኝ አያውቅም። ቁጡ ስለሆንኩ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሳስረዳ ድምፄ ከፍ ይላል፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሚቆይልኝ የለም።

ግን ሕጉን ማስተማር ሌላ፣ በሕጉ መከሰስ ሌላ ነው። እኔ በአየር ምክንያት ሚስት ሳላገኝ ልቀር ነበር።

ልጅቷ እኛ ከተማ የምትሠራ ነርስ ነበረች። ሳቋ ከጤና ጣቢያው ግቢ ወጥቶ መንገድ ይሻገራል። መጀመሪያ የወደድኩት ሳቋን ነው፤ ፊቷን ያየሁት በኋላ፣ ጥርሴን አሞኝ የሄድኩ ቀን ነው። ያን ቀንም ስቃብኛለች። ቤተሰቦቿ ቆቦ ናቸው። ቆቦ ከኛ በብዙ ቁልቁል ነው፤ በጥር ወር እኛ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ እነሱ ጥላ ይፈልጋሉ። ተዋደድን፣ ተስማማን፣ ሽማግሌ መላክ ብቻ ቀረ።

ሽማግሌዎቹን የመሩልኝ አጎቴ ናቸው። የቅኔ መምህር ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የኔታ ነው የምንላቸው። የኔታ የሚወዱት እውነት፣ ቅኔና ምግብ ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። እንደ ወጉ ቆቦ ወርደው፣ ከልጅቷ ቤት ገብተው፣ "አረፍ በሉ" ቢባሉ "አናርፍም፣ ለጉዳይ ነው የመጣን" ብለው ቆመው ጠየቁ። ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም። አባትየው የጉልበት ሕመምተኛ ናቸው፤ ከአልጋቸው ሳይነሱ "እሷን ጠይቁ" አሉ። እሷ ያሏቸው ባለቤታቸውን ነው። ቀጠን ብለው ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን ሲያጣፉ እንኳ የሚፈርዱ የሚመስሉ እናት ናቸው።

እናትየው መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ጀመሩ። "እዚያ በረዶ ይጥላል አሉ፣ እውነት ነው? መኪናው ስንት ቦታ ይቆማል? ወልዳ ብትታመም ማን አለላት?" የኔታ ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ፤ ቆመው ስለሆነ ወገባቸው ለሁለት ሊከፈል ነበር። በመጨረሻ እናትየው እንዲህ አሉ፦

"ልጁ ደገኛ ነው። እንግዲያ ከተራራው ጸበል በገዛ እጁ ይዞልኝ ይምጣ፣ ለባለቤቴ ጉልበት ነው። ደጄ እስኪደርስ እህል በአፉ እንዳይዞር። ጀሪካኑ መሬት እንዳይነካ። ክዳኑ እንዳይከፈት። የያዘው ሰው ቀና ከሆነ ጸበሉም ቀና ብሎ ይደርሳል። ያን ጊዜ መልሴን እሰጣለሁ።"

የኔታ ተመልሰው ይህንን ሲነግሩኝ "የኔታ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ እንዴ?" አልኳቸው።

"በመጽሐፍ የለም" አሉ። "በሴትየዋ ቤት ግን አለ። አንተ ደግሞ መጽሐፉን አይደለም የምታገባ።"

ጸበሉ የሚፈልቀው ከከተማችን በላይ፣ ደመና ሲወርድ ከማይታየው ተራራ ላይ፣ ከድንጋይ ሥር ነው። ሳይነጋ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወረፋው ረጅም ስለነበር ጸበሉን የሚቀዱት ቄስ ቢጫዋን የዘይት ጀሪካኔን ግማሽ ብቻ ሞሉልኝ። "አባቴ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ" ብላቸው "በረከት በሊትር አይለካም" አሉኝ። ስለዚህ ግማሹ ጸበል፣ ግማሹ የተራራው ቀዝቃዛና ስስ አየር ሆነ። ያቺ ግማሽ አየር ናት መዘዜን ሁሉ ያመጣችው። ማንም እንዳይጠረጥረኝ እዚያው ምንጩ አጠገብ ክዳኑን ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩት። የኔታ ጧፍ ሰጥተውኝ ስለነበር በክዳኑ ዙሪያ ሰሙን አቅልጬ ደፈንኩት። ትንኝ አታልፍም። አየርም አያልፍም።

ከየኔታ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። መሬት እንዳይነካ ስለተባለ ጀሪካኑ ከጭኔ አልወረደም። ጋሸና ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ለምሳ ወረደ። የኔታ ከሁሉም ቀድመው ወረዱ። ከምግብ ቤቱ የጥብስ ሽታ እየመጣ በመስኮት ይገባል፤ መስኮቱን ብዘጋው በበሩ ይመጣል። ከነጋ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ረዳቱ ባዶ መኪና ውስጥ ጀሪካን ታቅፌ ሲያየኝ አዘነልኝ።

"ጋሼ፣ ጾም ነው እንዴ?"

"አይደለም። ሽማግሌ ልኬ ነው።"

"እህ፣ እሱስ ከጾምም ይብሳል" አለኝና ሄደ።

የኔታ ጢማቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። እኔን ለማጽናናት ነው መሰለኝ "እንዳይቆጭህ፣ ትንሽ ጨው በዝቶበታል" አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። አፌን ብከፍት ምራቄ ይወርዳል።

ከጋሸና ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ድልብን አልፈን ጠመዝማዛውን ስንወርድ የሁሉም ሰው ጆሮ ተደፈነ። ወልድያ ልንገባ ስንል ጀሪካኑ ጭኔ ላይ "ጧ!" ብሎ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አማተበ። እኔ ግን፣ ይታያችሁ፣ ደስ አለኝ! ቆላው ላይ ያለው ወፍራም አየር ከውጭ ሲጫነው ከተራራ ይዞት የመጣው ስስ አየር ተሰበሰበ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ለዓመታት በጠመኔ የሣልኩት ነገር ጭኔ ላይ ሲሆን አየሁ። ጎረቤቴን "ምን ማለት መሰለህ" ብዬ ያዝኩት። ሰውየው ቆቦ ድረስ ከፍሎ ነበር፤ ወልድያ ሲደርስ ወንበር ቀየረ። ቆቦ ስንገባ ጀሪካኑ ጨርሶ ሰርጉዷል፤ ወገቡን በሁለት እጅ ጨብጦ የጨመቀው ሰው ያለ ይመስላል።

ከልጅቷ ቤት ደጃፍ ስደርስ በረሃብ ዓይኔ ፈዟል፣ ግን ልቤ ሞልቷል። እህል በአፌ አልዞረም፣ ጀሪካኑ መሬት አልነካም፣ ክዳኑ አልተከፈተም። እናትየው ነጠላቸውን አደግድገው በሁለት እጃቸው ሊቀበሉኝ ወጡ። ሊሳለሙት ጎንበስ ሲሉ የጀሪካኑን ወገብ አዩ። ቀና አሉ።

"ምን ቀመስክ?" አሉኝ።

"ምንም እማማ።"

"ምን ቀመሱ?" አሉ እንደገና።

ከአንተ ወደ አንቱ ተሻገሩ። ልጅ ሆኜ ልገባበት በነበረው ቤት ደጃፉ ላይ ባዕድ ሆንኩ። መጮህ አማረኝ። ሳይበሉ በላ መባልን የመሰለ ነገር የለም፤ ቢያንስ በልቼ ቢሆን ኖሮ አንጀቴ ምስክር ይሆነኝ ነበር። ራሴን ገታሁና አስረዳሁ። "እማማ፣ ተራራው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ ወፍራም ነው። የዚህኛው አየር ከላይ ይጫናል፣ ስለዚህ ጀሪካኑን…"

"የኛ አየር ይጫናል?"

"ይጫናል።"

"ታዲያ እኔን ለምን አልተጫነኝም? ይኸው ዕድሜ ልኬን ቆቦ ነኝ።"

"እርስዎም ውስጥ አየር ስላለ ነው። ከውስጥ መልሶ ይገፋል፣ ስለዚህ…"

"እኔ ውስጥ?" ወደ የኔታ ዞሩ። "ይሰሙልኛል የኔታ? አየር ነዎት እያለኝ ነው።"

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናትየው እውነተኛነታቸውን ስለሚያውቁ እሳቸውን ምስክር አደረጉ። "እርስዎ አብረውት ነበሩ። እህል ሲቀምስ አይተዋል?"

"አላየሁም" አሉ የኔታ። እፎይ አልኩ።

"እንዲያ ከሆነ አልቀመሰም?"

የኔታ ትንሽ አሰቡ። "እሱን ማለት አልችልም። እኔ እየበላሁ ስለነበር ልብ ብዬ አላየሁትም።"

እውነትን የሚወድ አጎት ለጠላትም አይስጥ።

ነገሩ ተንጠለጠለ። ጸበሉ የሚከፈተው በወሩ ማርያም ቀን ነው፣ መልሱም ያን ቀን ይሰጣል ተባለ። እስከዚያ የትም መሄድ ስለማይሆን ከአጥር ማዶ ያሉ ሙስሊም ነጋዴ "የጎረቤቴ እንግዳ የኔም እንግዳ ነው" ብለው እኔንና የኔታን ተቀበሉን። ጉዳዩን አጫወትኳቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "አላህ እውነቱን ያውቃል እያልክ እንዳትከራከራቸው። እሳቸው የፈለጉት አላህ እንዲያውቅ አይደለም፣ እሳቸው እንዲያውቁ ነው። ዱኣ አደርግልሃለሁ፣ አንተ ዝም በል።" ዱኣውን ተቀበልኩ፣ ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም።

ጀሪካኑን መስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ጠዋት ስንሄድ ሰርጉዷል። "ምን ሲያስቡ አደሩ?" አሉኝ እናትየው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አሞቀችው፤ አየሩ ሰፋ፣ ጎኑ ትንሽ ወጣ። እናትየው ይህንን አዩና ድምፃቸው ለሰለሰ። "ትንሽ ተመለስክ" አሉኝ። ወደ ማምሻው ቀዘቀዘና ገባ። "ደግሞ ምን መጣብዎ?" በማግስቱም እንዲሁ። የጎረቤት ሴቶች ሰሙና እየመጡ መጀመሪያ ጀሪካኑን፣ ቀጥሎ እኔን ያያሉ። በቀን ስንት ጊዜ በአሳቤ እንደምበድል ቆቦ ሁሉ አወቀ። እኔ አሳቤ አንድ ነበር፤ እሱም እራት ነበር።

ፈቃድ ወስዳ ቀድማን ቆቦ የወረደችው ልጅቷስ ምን አለች? ምንም። እናቷ ቤት ስትሆን ሌላ ሰው ናት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የምትሄድ። ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም። እኔ በራሴ ጣጣ ስለተያዝኩ ይህንን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። እንዲያውም ከጓሮ ጠብቄ "ጀሪካኑን ወደ ምድጃው ጠጋ አድርጊልኝ፣ ሲሞቅ ይቃናል" ብዬ ለመንኳት።

"ማጭበርበር ነው" አለች በሹክሹክታ።

"ማጭበርበር አይደለም፣ ሙቀት ነው!"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ለመንኳት፣ ለመንኳት፣ እሺ አለች። ጀሪካኑ ምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ትንሽ እንደቆየ ቀና ብሎ ሊቆም ምንም አልቀረው። እናትየው አዩት። ፊታቸው በራ። "ልጄ ግባ፣ ና አረፍ በል" አሉኝ። ወጥ ወጣ፣ እንጀራ ቀረበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳነሳ አንዱ በሩን ከፈተው፣ ነፋስ ገባ፣ "ጧ!" ጀሪካኑ ወገቡን ሰበረ። ጉርሻው እጄ ላይ ነው።

"አሁን ደግሞ ምን አሰቡ?" አሉኝ እናትየው።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ጉርሻውን መልሼ አስቀመጥኩና ተነሳሁ። "ምንም አላሰብኩም! በሉ ጀሪካኑን ይዘን ወደ ላይ እንውጣ! ጋሸና ሲደርስ ካልተቃና ልጅዎን አልጠይቅዎትም!"

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። የኔታ ሳል ያዛቸው። ልጅቷ ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ያለውን ቁጣ ሳይ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እናትየው ግን ወዲያው "እንሂድ" አሉ። "እኔ ራሴ እይዘዋለሁ። የያዘው ሰው ላይ ነውና ነገሩ፣ በኔ እጅ ይታያል።" አባትየው ከአልጋቸው ላይ "የኔስ ጉልበት?" ሲሉ "ያንተ ጉልበት ከሠርጋችን ጀምሮ እንደታመመ ነው፣ ትንሽ ይታገስ" አሏቸው።

በማግስቱ አራታችን ተሳፈርን፤ ልጅቷም ወደ ሥራዋ መመለሻዋ ነበር። እናትየው ጀሪካኑን ታቅፈው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ያዡ እሳቸው ስለሆኑ ጾሙም ወደ እሳቸው ዞረ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ከጀሪካኑ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ወልድያን አለፍን፤ ምንም የለም። ሽቅቡን ጀመርን፤ ምንም የለም። ሕጉ አይዋሽም፣ ይህንን አውቃለሁ፤ ግን ፕላስቲክን ማን ያምናል? በዚያ ሁሉ ሙቀት መጣመሙን ለምዶት ቢሆንስ? አንዴ የተጨማደደ ነገር ላይቃናም ይችላል። ላብ አጠመቀኝ። ፊዚክስም ኬሚስትሪም ጠፍቶኝ "የተራራው ማርያም፣ አንዴ ብቻ" እያልኩ ስለት መሳል ጀመርኩ።

ድልብን ስናልፍ ብርዱ መጣ፣ ጆሯችን ይከፈት ጀመር። ልጅቷ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣለች። ረዳቱ ያው የቀድሞው ነበርና "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ጾሙን ለአማትህ አሸጋገርክ?" ሲለኝ ሳቀች። ያ መንገድ የሚሻገረው ሳቋ ነው የወጣው። ከቆቦ ጀምሮ የከረመባትን ኩርፊያ ረስታ ከረዳቱ ጋር ቀልድ ገጠመች፣ መኪናው ሁሉ ይስቅ ጀመር። እኔ ጀሪካኑን አያለሁ። እናትየው ግን ጀሪካኑን ትተው ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

ጋሸና ደረስን። መኪናው ቆመ። ጀሪካኑ እንደሰረጎደ ነው።

የኔታ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ወረዱ። ሌላውም ተከትሎ ወረደ። ሦስታችን ቀረን። የጥብሱ ሽታ መጣ። አንገቴን ደፋሁ። እናትየው በረጅሙ ተነፈሱና "እንግዲህ" አሉ፤ የዚያን "እንግዲህ" ቀጣይ ላለመስማት መኪናው ቢገለበጥ ይሻለኝ ነበር። ደጋውን ለማየት ነው መሰለኝ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረጉት። የእኩለ ቀን ፀሐይ ጭናቸው ላይ፣ ጀሪካኑ ላይ አረፈች። እኔ ስለ ከፍታው ብቻ ሳስብ ሙቀቱን ረስቼው ነበር። ጥቂት ቆየ።

"ጧ!"

ከመግባቱ የመውጣቱ ድምፅ ይበልጣል። እናትየው በድንጋጤ ሊጥሉት ሲሉ መሬት እንዳይነካ ትዝ አላቸውና ወደ ላይ አነሱት። እዚያ ከራሳቸው በላይ፣ በፀሐይዋ ውስጥ፣ ጀሪካኑ ወገቡ ሞልቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከሱቅ እንደወጣ ሆኖ ታየ።

"አዩ! አላልኩም? ግፊቱ ሲቀንስ፣ ሙቀቱ ደግሞ…"

"ዝም በል" አሉኝ። አንተ አሉኝ! ጀሪካኑን አውርደው ሳሙት። "ገባኝ።"

በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ የጠበቅኩት ቃል ነበር። ዕንባዬ መጣ። "ምኑ ገባዎት እማማ?"

"ናፍቆት ነው። ቆቦ ሲወርድ ከፋው፣ አገሩ ሲደርስ ደረቱን ነፋ። አንተ ምንም አልበላህም።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ላርማቸው አፌን ስከፍት ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

"ይቺም እንደሱ ናት። ከድልብ ወዲህ ነው መሳቅ የጀመረችው። እኔ ቤት እንዲህ ስቃ አታውቅም።" ጣታቸውን ጀሪካኑ ላይ አሻሹ። "የቆቦ አየር ይጫናል ስትለኝ የነበረው… እሷን የሚጫናት አየሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?"

ልጅቷ ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አንቺ አይደለሽም እማ።"

"ዋሸሽ።"

"እሺ፣ ትንሽ ነሽ።"

እናትየው ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ሳቋን ከማን እንደወረሰች ያወቅኩት፤ ያው ድምፅ ነው፣ ብቻ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ። ሲስቁ ዕንባቸው ይወርዳል። ለሽማግሌዎቹ በረዶ ይጥላል ወይ፣ መኪናው ስንት ቦታ ይቆማል ወይ እያሉ የጠየቁት ሁሉ ያን ጊዜ ትርጉሙ ገባኝ። እኔን አልነበረም የጠረጠሩት፤ ልጃቸውን ወደ ደጋ ወስዶ የሚያስቀርባቸውን መንገድ ነበር የፈሩት።

ዕንባቸውን ጠረጉና ተነሱ። ጀሪካኑን እንደታቀፉ ምግብ ቤት ገቡ፤ ተከተልናቸው። የኔታ ከጥብሱ ትሪ ፊት ቁጭ ብለዋል።

"የኔታ፣ ይነሱ። ሽማግሌ መልስ የሚቀበለው ቆሞ ነው።"

የኔታ አፋቸው ሞልቶ ብድግ አሉ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ።"

መመረቅ የሚገባቸው የኔታ ነበሩ፤ ግን አፋቸው ውስጥ ያለው ሥጋ የማይዋጥ ዓይነት ነበር። ሁላችንም ቆመን ጠበቅናቸው። አኘኩ፣ አኘኩ፣ ዋጡ፣ ከዚያ ረጅም ምርቃት መረቁን። "አሜን" ካልን በኋላ እናትየው "ጸበሉ አገሩ ገብቷል፣ የኔም ጾም አለቀ" ብለው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለኔ አጎረሱኝ። እውነትም ጨው በዝቶበታል።

ጸበሉን ወደ ቆላ መልሰው አልወሰዱትም፤ አባትየው ራሳቸው ወደ ላይ ወጡና ጠጡት። ጉልበታቸው ተሻላቸው። በጸበሉ ነው ወይስ በስንት ዘመን አንዴ ከዚያ አልጋ በመውረዳቸው፣ በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም፤ ትምህርት ወስጃለሁ።

ከሠርጉ በኋላ አማቴ ወደ ቆቦ ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ባዶውን ጀሪካን ተራራው ላይ ወስጄ፣ ያንን አየር ሞልቼ፣ ክዳኑን በጧፍ ሰም ደፍኜ እንድሰጣቸው። አደረግኩት። አሁን ከአልጋቸው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሰርጉዶ ይውላል፤ ቆቦ በጣም የሞቀ ቀን ግን ጎኑ ወጣ ይላል። ያን ቀን ስልክ ይደውላሉ።

"ጀሪካኑ ዛሬ ቀና ብሏል። ልትመጡ ነው እንዴ?"

"እማማ፣ እሱ እኮ ሙቀቱ…" ብዬ ስጀምር ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ትቀማኛለች። "አዎ እማ፣ ልንመጣ ነው" ትላለች። ካለች በኋላ መሄድ ግድ ነው። አሁን ቆቦ ቤት ውስጥም ትስቃለች፤ አማቴም አብረው ይስቃሉ፣ ጀሪካኑንም ሰረቅ እያደረጉ ያዩታል። ቆቦ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንሄደውም በነዚያ ወራት ነው።